የቤት ስቴሪዮ ለመፈተሽ የትኛውን አልበም ልክፈት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ስፒከር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ሳሎን ውስጥ ይተክለዋል፣ የሚወደውን ዘፈን ይከፍታል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከጣመው «ዕቃ ማለት ይሄ ነው» ይላል። ካልጣመው በገንዘቡ ይቆጫል። ሁለቱም ፍርዶች ችኩል ናቸው። የሰማነው ጉድለት ከቀረጻው ሊመጣ ይችላል። ቅጂውም ሊሆን ይችላል። ዕቃው ወይም ክፍሉም ሊሆን ይችላል። መፈተሻ አልበም የምንመርጠው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ከታች ያሉት ሙዚቃ በጥሞና የሚሰሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በደንብ የተቀረጸ አልበም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዘፈኑ ተወዳጅ ነው ማለት አይደለም። ቤዙ ቤት ያንቀጠቅጣል ማለትም አይደለም። በደንብ በተቀረጸ አልበም ላይ የሰው ድምፅ የሰው ድምፅ ይመስላል። ዘፋኟ አየር ስትስብ ይሰማል። ክራሩ ከጊታሩ፣ ከበሮው ከቤዙ ተለይቶ ይታወቃል። ለስለስ ያለው ቦታ ለስላሳ፣ ከፍ የሚለውም ቦታ ከፍ ያለ ሆኖ ይቆያል። አንድ መሣሪያ ተመትቶ ሲያበቃ ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል እንጂ በድንገት ቀጥ አይልም።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ሙዚቃው ወደ ቤታችን ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ማይክሮፎኑ የት ቆመ? ሚክሲንጉን (የተቀረጹትን ድምፆች የማመጣጠኑን ሥራ) ማን ሠራው? ማስተሪንጉንስ (ከሕትመት በፊት ያለውን የመጨረሻ ማስተካከያ)? ጎበዝ የድምፅ መሐንዲስ ሙያው ከዘፋኙ አያንስም። የአሜሪካው የግራሚ ሽልማት ለእነዚህ ባለሙያዎች የተለየ ዘርፍ አለው። ከየት እንደምትነሱ ግራ ከገባችሁ ያንን ዘርፍ ያሸነፉትን እዩ። የስቲሊ ዳን «ኤጃ» (1977)፣ የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» (1982)፣ የዳየር ስትሬትስ «ብራዘርስ ኢን አርምስ» (1985)፣ የኖራ ጆንስ «ካም አዌይ ዊዝ ሚ» (2002)፣ የዳፍት ፓንክ «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» (2013) ሁሉም በቀረጻቸው የተሸለሙ ናቸው። ሙዚቃውን ባትወዱት እንኳ በቀረጻው መተማመን ትችላላችሁ። ከእነዚህ አንዱን ከፍታችሁ ድምፁ አስቀያሚ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከስቱዲዮው አልመጣም።

የምወደው ዘፈን አይበቃም?

እንዲያውም መጀመር ያለባችሁ ከእሱ ነው። በቃላችሁ የምታውቁት ዘፈን ላይ ትንሿ ለውጥ ታስታውቃለች። አንድ ነገር ግን ያስፈልጋል። ዘፈኑን በተለያየ ዕቃ ሰምታችሁት መሆን አለበት፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ በመኪና፣ በጓደኛ ቤት። ዘፋኙ «ስ» ባለ ቁጥር በሁሉም ላይ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ችግሩ ቀረጻው ላይ ነው። በእናንተ ስፒከር ላይ ብቻ የሚወጋ ከሆነ ቤታችሁን መርምሩ።

ፍቅር ግን ያደላል። የወጣትነት ዘመናችንን የሚያስታውሰን ዘፈን ሲከፈት የጎደለውን ራሳችን እንሞላዋለን። ስለዚህ ከምትወዱት አንድ ሁለት ያዙ፣ በጥራቱ ከታወቀው ደግሞ ሁለት ሦስት ጨምሩበት።

ስንት አልበም ያስፈልገኛል?

አምስት ይበቃል። ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ስጡት፤ አንዱ ለሰው ድምፅ፣ አንዱ ለግራና ቀኝ አቀማመጥ፣ አንዱ ለቤዝ፣ አንዱ ለስፋት፣ አንዱ ብዙ መሣሪያ በአንድ ላይ ሲጫወት ለመስማት። ከየአልበሙ አንድ ዘፈን፣ ከዘፈኑም አንድ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው።

በየትኛው ልጀምር?

በሰው ድምፅ። ከሁሉም መሣሪያ በላይ የምናውቀው እሱን ነው። ቫዮሊን በአካል ሰምቶ የማያውቅ ሞልቷል። የሰው ድምፅ ግን ከማህፀን ጀምሮ እንሰማለን፤ ሲዛባም ቶሎ ይታወቀናል።

አስቴር አወቀ በ1991 ኮሎምቢያ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ በኩል ያወጣችው «ካቡ» ለዚህ ጥሩ ነው። አስቴር ድምፅዋን እያወዛወዘች ከታች ወደ ላይ ስትወጣ ስፒከሩ እስከ የት አብሯት እንደሚሄድ ስሙ። ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከቀጠነና ጆሮ ከወጋ፣ የስፒከሩ ላይኛው ክፍል ይጮሃል ወይም ትሬብሉ (ቀጭኑ ላይኛው ድምፅ) በዝቷል። የታፈነችና ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ከመሰለች ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለለሆሳስ ድምፅ የኖራ ጆንስ አልበም ይሻላል፤ ፒያኖውና ድምፅዋ ቅርብ ሆነው ነው የተቀረጹት።

ከሙዚቃ ውጭም አንድ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሰው ብቻ የሚያወራበት የሬዲዮ ዝግጅት ክፈቱ። ጎርናና ድምፅ ያለው ወንድ ቢሆን ይመረጣል። ሲናገር ደረቱ ካስተጋባ፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ከመሰለ፣ ቤዙ በዝቷል ወይም ስፒከሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ብዙ ሰው ይህን ሙከራ ይንቀዋል። በእኔ እምነት ግን ከማንኛውም ውድ ሲዲ የበለጠ ይናገራል።

ግራና ቀኙ በትክክል መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»። አልበሙ በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው የተቀረጸው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነበር፤ ያ ሰፊ አየር እስካሁን ይሰማል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የተጫዋቾቹ አቀማመጥ ነው። ማይልስ ጥሩምባውን ይዞ መሃል ላይ ነው። ጆን ኮልትሬን በቴነር ሳክስፎን በግራ በኩል፣ ካነንቦል አደርሊ በአልቶ ሳክስፎን በቀኝ በኩል ናቸው። ወፍራም ድምፅ ያለው ቴነር ከቀኝ፣ ቀጠን ያለው አልቶ ከግራ ከመጣባችሁ የግራና የቀኝ ገመዶቻችሁ ተለዋውጠዋል።

ከዚህ የከፋው ማይልስ የት እንደቆመ አለመታወቁ ነው። ጥሩምባው ከመሃል መምጣት ሲገባው ክፍሉ ውስጥ ሁሉ ከተበተነ፣ ቤዙም ከሳሳ፣ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ገመድ ተገላብጦ ይሆናል። ሁለቱ ስፒከሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፉ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩን አጥፉና የሁለቱንም ገመድ ተመልከቱ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። በዚህች ብቻ ስንት ጥሩ ዕቃ «ቤዝ የለውም» ተብሎ ስሙ ጠፍቷል።

ስለዚሁ አልበም አንድ ነገር ልጨምር። ከቀረጻ ማሽኖቹ አንዱ ፍጥነቱ ትክክል ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዜማዎች ለአሥርት ዓመታት ከተጫወቱት ትንሽ ፈጥነው፣ ቃናቸውም ከፍ ብሎ ሲሸጡ ኖረዋል። የተስተካከለው በ1990ዎቹ በወጡት ሕትመቶች ነው። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ልዩነት ከሰማችሁ ጆሯችሁ አልተሳሳተም። ተመሳሳይ ርዕስና ተመሳሳይ ሽፋን ያለው አልበም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም።

ቤዙንስ?

ቤዝ ሲፈተሽ ጥያቄው «ይመታል ወይ?» መሆን የለበትም። «እያንዳንዱ ኖታ ይለያል ወይ?» ነው መባል ያለበት። የዳፍት ፓንክን አልበም ክፈቱ። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎች ቢሆኑም ለዚህ አልበም እውነተኛ የቤዝና የድራም ተጫዋቾችን ስቱዲዮ አስገብተዋል። የቤዝ ጊታሩን መስመር በአፋችሁ ለማዜም ሞክሩ። ወጣ ገባ ሲል መከተል ከቻላችሁ ዕቃችሁ ደህና ነው። ሁሉም ኖታ አንድ ዓይነት «ዱም ዱም» ከሆነባችሁ፣ የምትሰሙት ከቤዙ ይልቅ የክፍሉን ጥግ ነው።

ትንሽ ቁጥር እንጨምር። የባለ አራት አውታር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው። የፒያኖው የመጨረሻ ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ይወርዳል። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮች ግን ብዙዎቹ ከ50 ኸርዝ በታች አቅም ያጥራቸዋል። ይህ ተፈጥሯቸው ነው፣ ብልሽት አይደለም። ትልቅ ስፒከር ወይም ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ያላችሁ ደግሞ በ1959 ቻርልስ ሙንሽ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን እየመራ የተቀረጸውን የሳን ሳንስ 3ኛ ሲምፎኒ ሞክሩ። ዝግ በሚለው ክፍል ኦርጋኑ በለሆሳስ ይገባል። ከመስማት ይልቅ ወለሉና ወንበሩ ላይ ይታወቃችኋል። ካልመጣ ድምፁን እየጨመራችሁ አታሳድዱት። ትንሽ ስፒከር የማይችለውን እንዲያወጣ ሲገደድ ሊቃጠል ይችላል።

በገና ስከፍት ስፒከሬ የተቀደደ ያህል ይነዝራል። ተበላሽቶ ነው?

ምናልባት አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ግን በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሮቹ ብርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲነካ ቆዳውን እየመታ ይነዝራል። ያ ንዝረት የበገና ነፍሱ ነው። ያለ እንዚራ በገናው ደብዛዛ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት በገናን ድንቅ የመፈተሻ መሣሪያ አድርጌ ነው የማየው። «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሕትመት 11ኛ ሆኖ የወጣውን የዓለሙ አጋን አልበም ክፈቱ። ሦስት ነገር አብሮ መሰማት አለበት። ከታች ወፍራሙ የአውታሩ ድምፅ፣ ከላይ የእንዚራው ንዝረት፣ በመካከል የዓለሙ ረጋ ያለ ድምፅ። ደካማ ስፒከር ንዝረቱን ብቻ ይሰጣችሁና ወፍራሙን ይበላዋል። ቤዙ የበዛበት ደግሞ ሁሉንም ወደ ጉርምርምታ ይቀይርና ቃሉ አይሰማም። ጥሩው ሦስቱንም ለያይቶ ያስቀምጣል። በዐቢይ ጾም በትንሽ ሬዲዮ በገና ሲሰሙ ያደጉ ሰዎች ታችኛውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና ስቴሪዮ ሲያገኙት ይገረማሉ።

ስፒከሩ በእርግጥ የተበላሸ እንደሆነ ለማወቅ ግን ወደ ሌላ አልበም ተሻገሩ። ቤዝ ያለው ነገር በዝቅተኛ ድምፅ ክፈቱ። ንዝረቱ እዚያም ከቀጠለ ችግር አለ። የስፒከሩን የሚርገበገብ ወረቀት (ኮኑን) ከማየታችሁ በፊት ግን ዙሪያውን ፈትሹ። ብዙ ጊዜ የሚነዝረው ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ወይም የመስኮቱ መስታወት ነው።

«ስፋት አለው» የሚሉት ምንድን ነው? በምንስ ይፈተሻል?

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትሰሙ ሙዚቃው ከሁለት ሳጥን የሚወጣ ካልመሰላችሁ ስፋት አለ። ከስፒከሮቹ ኋላ ሌላ ክፍል ያለ ይመስላል።

ካውቦይ ጃንኪስ የተባለው የካናዳ ባንድ «ዘ ትሪኒቲ ሴሽን» የተሰኘውን አልበም በኅዳር 1987 ቶሮንቶ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ ማይክሮፎን ነው የቀረጸው። ተጫዋቾቹ በማይክሮፎኑ ዙሪያ ቅርብና ራቅ ብለው ቆሙ። በኋላ ሚክሲንግ ላይ የሚስተካከል ነገር አልነበረም። ቅርቡ ቅርብ፣ ሩቁ ሩቅ ሆኖ ካልተሰማችሁ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ ድገሙት። በ1976 ስቶክሆልም ውስጥ ስታምፐን በተባለ ትንሽ የጃዝ ክለብ የተቀረጸው «ጃዝ አት ዘ ፖውንሾፕ»ም እንዲሁ ነው። ሰው ያወራል፣ ሳህንና ብርጭቆ ይንቃጨላል፣ ጭብጨባው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ጭብጨባ ከባድ ፈተና ነው። በጥሩ ዕቃ የብዙ ሰው መዳፍ ነው። በመጥፎ ዕቃ ወይም በተጨመቀ ፋይል ዝናብ ይመስላል።

የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ቀረጻዎች ለመፈተሽ ይሆናሉ?

እንደ ሙዚቃ ወርቅ ናቸው። ለመፈተሽ ግን መርጣችሁና ምን እንደምትጠብቁ አውቃችሁ ተጠቀሙባቸው።

አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ከ1969 እስከ 1975 ሲያንቀሳቅስ ባንዱና ዘፋኙ አንድ ላይ ሆነው፣ በጥቂት ማይክሮፎን፣ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚቀርጹት። እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻ ቀርጾ በኋላ ማስተካከል የሚባል ቅንጦት አልነበረም። ሸክላው እንኳ የሚታተመው ውጭ አገር ነበር። ቀጥሎ የካሴት ዘመን መጣ። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ በየቅጂው ላይኛው ድምፅ እየሳሳ፣ ሽሽታው እየበዛ ሄደ። ዛሬ በይነመረብ ላይ የምናገኘው አብዛኛው የድሮ ዘፈን እንዲህ ካለ ካሴት የተወሰደ ነው። ያንን ከፍቶ «ስፒከሬ ትሬብል የለውም» ማለት በዕቃው ላይ ግፍ ነው።

በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት፣ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በኩል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡት የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ከገበያ ካሴቶች በብዙ የተሻሉ ናቸው። እነሱ ላይ የማህሙድ አህመድን ድምፅ ጉልበት፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ክፍል ጥርት ብሎ ታገኙታላችሁ። ከእነዚህ ስፋት አትጠብቁ፣ ጥልቅ ቤዝም አትጠብቁ። መካከለኛው ድምፅ ላይ ግን ብዙ ነገር አለ። ዘፋኙና ሳክስፎኖቹ አንድ ቦታ ላይ ተጨናንቀው ነው ያሉት፤ ጥሩ ስቴሪዮ እነሱን ሳያጋጭ ያሳልፋቸዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች የተሰበሰቡበት 21ኛው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የተለያየ ዘመን ቀረጻዎች አብረው ስላሉ የጀርባው ሽሽታ ከዜማ ዜማ ይለያያል። ያንን ልዩነት መስማት ከቻላችሁ ዕቃችሁ እውነቱን እየነገራችሁ ነው።

ከእኛ ሰዎች በዘመናዊ መንገድ በደንብ የተቀረጸ የትኛው ነው?

እኔ የማስቀድመው የእጅጋየሁ ሽባባውን የ2001 አልበም ነው፤ ርዕሱም «ጂጂ» ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ራሱ የቤዝ ተጫዋች ስለሆነ ታችኛው ክፍል ከባድና የተደላደለ ነው። ከላይ ደግሞ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ የመሳሰሉ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች አሉበት። ይህ ሁሉ ሰው እየተጫወተ የጂጂ ድምፅ መሃል ላይ ሳይሸፈን ይቆማል። «ጉራማይሌ»ን ክፈቱና ቃሏን ብቻ ተከተሉ። ከዚያ ድገሙትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ሁለቱንም ያለ ድካም መከተል ከቻላችሁ ሲስተማችሁ ብዙ መሣሪያ ሲመጣበት አይደናበርም።

ይህን አልበም የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። ላስዌል በ2003 ቀረጻዎቹን እንደ አዲስ ሚክስ አድርጎ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣቸው። ድምፅዋ ራቀ፣ ማስተጋባቱ ሰፋ፣ ቤዙ ፊት ወጣ። ሁለቱን በተከታታይ ስትሰሙ ሚክሲንግ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይገባችኋል። ስፒከሩን ሳትነኩ ሳሎናችሁ የተቀየረ ይመስላል።

የሙላቱ አስታጥቄ «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» (2013) ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከጃዝ ባንድ ጋር የተገናኙበት ነው። እዚያ ላይ የሙላቱን ቫይብራፎን ስሙ። ብረቱ ሲመታ መጀመሪያ ምቱ፣ ቀጥሎ ረጅሙ ቅላጼ ይመጣል። ምቱ ብቻ ተሰምቶ ቅላጼው ከተቆረጠ የሆነ ነገር እየበላው ነው። የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» (2018) ደግሞ በትንሽ ባንድ የተሠራ ነው። ጥቂት መሣሪያ ስለሆነ ለጀማሪ ጆሮ ለመከተል ይቀላል።

አንዳንድ አዲስ ዘፈን በጥሩ ዕቃ ላይ የባሰ የሚያስጠላው ለምንድን ነው?

ማስተሪንግ ላይ ከልክ በላይ ስለሚገፋ ነው። ዘፈኑ በሬዲዮና በስልክ ላይ ከሌላው በልጦ እንዲሰማ ለስላሳው ቦታ ይነሳል፣ ከፍተኛው ይጨፈለቃል። ሁሉም እኩል ይጮሃል። በስልክ አይታወቅም፤ ጥሩ ስፒከር ግን ይገልጠዋል። በዓለም ታዋቂው ምሳሌ የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» (2008) ነው። አድናቂዎቹ ራሳቸው ድጋሚ ይሠራልን ብለው ፊርማ አሰባስበዋል። የእኛም አገር አልበሞች ከዚህ በሽታ ነፃ አይደሉም፤ የዘፋኙ ልፋት በመጨረሻዋ ሰዓት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። እንዲህ ያለ አልበም ለጭፈራ ይሁን። ለፈተና አትጠቀሙበት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥንቃቄ አለ። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ የድምፁ መጠን እኩል ይሁን። ጆሯችን ትንሽ ከፍ ያለውን «የተሻለ ጥራት» አድርጎ ነው የሚቀበለው። ሻጮችም ይህን ያውቃሉ።

ዘፈኑን ከየት ላምጣው? ፍላሽ ላይ ያለው ይሆናል?

እንደ ፍላሹ ነው። ከሱቅ የተሞላ ፍላሽ ላይ ያለ ዘፈን ብዙ ጊዜ ከዩቲዩብ የወረደና በጣም የተጨመቀ ነው። ሲምባሉ (የከበሮው ነሐስ ሳህን) «ፅስ» ከማለት ይልቅ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ላይ ይህ ይሰማል። በ320 የተጨመቀውን ግን አብዛኛው ሰው ከሲዲ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ በትንሽ ነገር አትጨነቁ።

ለፈተና ሲሆን ሲዲ ወይም ጥራቱ ያልተነካ እንደ ፍላክ ያለ ፋይል ያዙ። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና በ16 ቢት ይይዛል፤ ለሰው ጆሮ ይበቃል። አፕል ሙዚክ ከ2021 ጀምሮ ጥራቱ ያልተነካውን ቅጂ ያለ ጭማሪ ክፍያ ይሰጣል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማብራት ግን አለባችሁ። ዳታ ይበላል፤ ዋይፋይ ስታገኙ አምስቱን ዘፈን አውርዳችሁ ማስቀመጥ ይሻላል። የኃይሉ መርጊያን ሥራዎች ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በሙሉ ጥራት መግዛት ይቻላል። ደግሞም የፋይሉን ስም አትመኑ። የተጨመቀ ኤምፒ3 ወደ ፍላክ ቢቀየር የጠፋው አይመለስም። ስትፈትሹ ብሉቱዙን አጥፉና በገመድ አገናኙ፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ይቀንሳል።

ሸክላ አይሻልም?

ሸክላ ደስ ይላል፤ የማጫወቻው መርፌ፣ ሚዛኑና የሸክላው ንፅህና ግን ድምፁ ውስጥ ይገባሉ። ስፒከር ለመፈተሽ ብዙ ተለዋዋጭ ነገር አለበት። መጀመሪያ በሲዲ ወይም በፋይል ስፒከሩን እወቁት፣ ከዚያ በዚያው አልበም ሸክላውን ፈትሹበት።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ እንዴት ልፈትሽ?

የራሳችሁን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚከፍተው ለዚያ ስፒከር የሚመቸውን ነው፤ ብዙ ጊዜም ቤዝና ጭብጨባ የሞላበት ነው። በትህትና «በዚህኛው ልስማው» በሉ። ኢኩዋላይዘሩ ላይ የተጨመረ ቤዝና ትሬብል ካለ ወደ ዜሮ እንዲመልሰው ጠይቁ። ከዚያ ሰው ቤት ውስጥ በሚያወራበት መጠን ስሙት። በትንሽ ድምፅ ሙሉ ሆኖ የሚሰማ ስፒከር ማታ ጎረቤት ሳይረብሽ ይሰማላችኋል፤ ለኮንዶሚኒየም ኑሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቸኩላችሁ አትውጡ። አንዳንድ ስፒከር በመጀመሪያው ደቂቃ ብልጭልጭ ብሎ ያስደንቃል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን ራስ ያዞራል። «ካቡ»ን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምታችሁ ድምፁን ለመቀነስ እጃችሁ ካልሄደ ጥሩ ምልክት ነው።

አምስቱንም አልበም ሞከርኩ፤ አሁንም አልጣመኝም። ዕቃውን ልሽጠው?

ቆዩ። አልበሞቹ የተመሰከረላቸው ከሆኑ፣ ፋይሉም ንፁህ ከሆነ፣ የቀሩት ተጠርጣሪዎች ዕቃውና ክፍሉ ናቸው። ክፍሉን መጀመሪያ ፈትሹ፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

የብዙ ቤት ስፒከር ቡፌ ላይ ወይም ቡፌ ውስጥ ነው ያለው፣ አንዱ ጥግ ተደፍቶ፣ አንዱ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተደብቆ። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ነው። መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ጭርርር» ብሎ ከተመለሰ ሲምባሉም እንዲሁ እየተመለሰባችሁ ነው። ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራሙን መጋረጃ ዝጉ፣ ድገሙት። ስፒከሮቹን አውርዳችሁ በጆሯችሁ ቁመት አስቀምጡ። በእነሱ መካከል ያለው ርቀት እናንተ ከምትቀመጡበት ጋር ተመጣጣኝ ይሁን፤ ሁለቱ ስፒከርና እናንተ ሦስት ማዕዘን ሥሩ። ፊታቸውን ትንሽ ወደ እናንተ አዙሩ። ከጥግና ከኋላ ግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ አርቋቸው። ሶፋችሁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነም ትንሽ ወደፊት ሳቡት፤ ቤዝ ግድግዳ ሥር ይከማቻል።

ከዚያ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን ክፈቱና ማይልስ መሃል ላይ መቆሙን እዩ። የዓለሙ አጋን በገና ክፈቱና ቃሉ መለየቱን ስሙ። ከተሻሻለ በዚያው አቅጣጫ ቀጥሉ፤ ጥቂት ጣት በገፋችሁት ቁጥር ለውጥ አለው። ምንም ካልተለወጠ ስፒከሮቹን ለአንድ ቀን ጓደኛ ቤት ወስዳችሁ በእሱ አምፕሊፋየር ላይ እነዚያኑ ዘፈኖች ሞክሩ። እዚያም ያው ከሆነ ያኔ ሽጧቸው።